የባሕሩን ዓይን ፍለጋ

ከማርሴይ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በኮረብታ ተከልሎ የተኛ ሰፊ የጨው ሐይቅ አለ፤ ስሙ ኤታን ደ ቤር። የማርሴይ አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። መንደርደሪያው ወደ ውሃው ዘልቆ ስለሚገባ፣ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ተሳፋሪ ጎማው አስፋልቱን እስኪነካ ድረስ ውሃ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። አብዛኛው ሰው ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ማርሴይ ወይም ወደ ፕሮቫንስ መንደሮች ያቀናል። እኔ የመጣሁት ለሐይቁ ነበር።

አንድ ዓይነት አውሮፕላን ልቤን ከያዘው ቆይቷል። ጎማ የለውም። ሆዱ ጀልባ ነው፤ አናጢ የጠረበው፣ ክንፍ የተተከለበት፣ ከውሃ ተነስቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ የእንጨት ጀልባ። ፈረንሳዮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለባሕር ቅኝት ካሰማሯቸው በራሪ ጀልባዎች መካከል እኔን የማረከኝ ኤፍ.ቢ.ኤ. የሚባለው ነው። ትንሽ ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ከዘመኑ ተዋጊ አውሮፕላኖች አጠገብ ቢቆም ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የተፈጠረው ለማየት ነው። በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀውን ይህን ፍጡር፣ ዘሩ የበቀለበትን ውሃ፣ የተሠራበትን ዳርቻና እስከ ዛሬ የቆዩትን ጥቂት ገላዎቹን በዓይኔ ላይ ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ላ ሜድ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በማርቲግ ከተማ አቅራቢያ ናት። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው የነዳጅ ማጣሪያው ጋንና ጭስ ማውጫ ነው። ሚስትራል የሚባለው የአገሩ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ነጭ አረፋ ለብሶ ይናወጣል፤ ሲተኛ ደግሞ ውሃው ጸጥ ብሎ ኮረብታውን መልሶ ያሳያል። ማርች 28 ቀን 1910 ነፋሱ ተኝቶ ነበር። የማርሴይ ተወላጅ የሆነው የ27 ዓመቱ አንሪ ፋብር ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ከዚህ ውሃ ተነሳ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በረረ፣ ተመልሶም ውሃው ላይ አረፈ። በሞተር ኃይል ከውሃ ተነስቶ የበረረ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ፋብር ከዚያች ቀን በፊት አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። የሠራውን ነገር አምኖ ተቀመጠበትና ሄደ። ዕድሜ ሰጥቶት እስከ 101 ዓመቱ ኖሯል።

ያ አውሮፕላኑ ፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ በሚገኘው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ አለ። ጭራ መሆን የሚገባው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ተንሳፋፊዎች ይሸከሙታል። ስታዩት ነፋስ እፍ ቢልበት የሚበተን ይመስላል። ፋብር የሠራው እንግዲህ በእግሮቹ ውሃ ላይ የሚቆም አውሮፕላን ነው። ገላው ራሱ የሚንሳፈፍ፣ ማዕበል ላይ ሲያርፍ እንደ መርከበኛ የሚቀመጡበት አውሮፕላን ለመሥራት ሌላ ሰውና ሌላ ውሃ አስፈለገ።

ውሃው የሴን ወንዝ ነው፤ ሰውየው ፍራንስዋ ደኖ። ደኖ በ1912 ከፓሪስ በስተደቡብ ጁቪዚ አካባቢ በራሪ ጀልባውን ሲሞክር ከገጠመው ችግር ሁሉ የከፋው ክብደቱ ወይም ሞተሩ አልነበረም፤ የውሃው እምቢታ ነው። ይህን ነገር ሳልረዳ በፊት አውሮፕላን ከውሃ መነሳት ከመሬት ከመነሳት ይልቅ የሚቀል ይመስለኝ ነበር፤ ድንጋይ የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ግን ውሃ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ለስላሳ ሆድ ያለው ጀልባ ሲፈጥን ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ የሆዱን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፍና ወደ ታች ይስበዋል፤ ጎመንዘር ባልነካው ምጣድ ላይ እንደተጋገረ እንጀራ ሙጭጭ ይላል። ሞተሩ ቢጮህ፣ አብራሪው መሪውን ቢጎትት፣ ጀልባው ውሃውን እየሰነጠቀ ይሮጣል እንጂ አይነሳም።

መፍትሔው ከሆዱ ሥር፣ መሐሉ ላይ አንድ ደረጃ መቁረጥ ነው። ጀልባው ፍጥነት ሲያገኝ ውሃው ከደረጃው ጠርዝ ላይ ይላቀቃል፤ ከኋላው አየር ይገባል፤ የጀልባው የኋላ ግማሽ ነፃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጀልባው በዚያች ጠርዝ ላይ ብቻ እየተንሸራተተ ይከንፋል፣ ክንፎቹም ቀስ በቀስ ክብደቱን ይቀበሉታል፣ በመጨረሻም ውሃው ይለቀዋል። ከአትላንቲክ ማዶ አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስም በእነዚያው ወራት ከዚሁ ችግር ጋር ይታገል ነበር። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ያቺ ደረጃ ባትኖር ከዚያ በኋላ የመጡት በራሪ ጀልባዎች ሁሉ፣ ውቅያኖስ ያሻገሩት ግዙፎቹ ጭምር፣ ባልነበሩ። በየሙዚየሙ ስሄድ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ የማየው እርሷን ነው።

ደኖ ከስዊዘርላንዳዊው ዠሮም ዶኔና ከአንሪ ሌቬክ ጋር ሲጣመር ዶኔ-ሌቬክ የተባለው በራሪ ጀልባ ተወለደ። ያስተዋወቀውም ዣን ኮኖ ነበር። ኮኖ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ በ1911 ታላላቆቹን የአውሮፕላን ውድድሮች፣ ከፓሪስ ሮም፣ የአውሮፓን ዙርና የብሪታኒያን ዙር፣ አንድሬ ቦሞን በሚል ስም ተወዳድሮ ሦስቱንም ያሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው በ1912 ጀልባ በሚመስል አውሮፕላን የሴንን ወንዝ ተከትሎ ወደ እንግሊዝ ቻናል ሲወርድ የየአገሩ ባሕር ኃይሎች ዓይናቸውን ጣሉ።

አርዣንቶይ ከፓሪስ ሳን-ላዛር ጣቢያ በከተማ ባቡር የሚደረስባት የሴን ዳር ከተማ ናት። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1871 እስከ 1878 እዚህ ኖሮ ነጭ ሸራ የለበሱ ጀልባዎችን ከራሱ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሥሏቸዋል። ፈረንሳዊው ልዊ ሽሬክና እንግሊዛዊው መኮንን ጆን ደ ኮንዌይ በ1913 ያቋቋሙት የፈረንሳይና የእንግሊዝ አቪዬሽን ኩባንያ፣ ኤፍ.ቢ.ኤ. ማለት ነው፣ የዶኔ-ሌቬክን ዲዛይን ወርሶ ፋብሪካውን የተከለው በዚህችው ከተማ ነበር። ዛሬ በወንዙ ዳር መኪና የሚበዛበት መንገድ ያልፋል። እኔ ግን መንገዱን ትቼ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ጀልባ የሚሠራበት፣ ጀልባ የሚታወቅበት ወንዝ ነው፤ እጃቸው ጣውላ ማጠፍ የለመዱ ሰዎች የነበሩበት። አውሮፕላን እዚህ ሲሠራ ከወንዙ ባህል ወጥቶ አልነበረም።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የነበሩት የባሕር አውሮፕላኖች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በ1918 ሲያበቃ ከሺህ በላይ ሆነዋል። ያበዛቸው ሰርጓጅ መርከብ ነው። ኤፍ.ቢ.ኤ. የመጀመሪያዎቹን በ50 እና በ100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሠራ፤ ቢ የተባለው ዓይነት በሰዓት 109 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ከዚያ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲ መጣ፤ ከዚያም 150 የፈረስ ጉልበት ባለው የሂስፓኖ-ስዊዛ ሞተር የሚበረው፣ ከሁሉም በብዛት የተሠራው ኤች። ፈረንሳይ፣ ብሪታኒያ፣ ሩሲያ፣ ጣሊያን፣ ፖርቱጋል፣ ቤልጂግ በሙሉ ተጠቅመውበታል። እንዲህ አገር ለአገር ከተዛመተ አውሮፕላን ዛሬ ቆመው የሚታዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ብራስልስ ነው።

በብራስልስ ሳንካንትኔር መናፈሻ፣ ከትልቁ ቅስት አጠገብ፣ የቤልጂግ የጦር ሙዚየም የአውሮፕላን አዳራሽ አለ። ጣሪያው ብረትና መስታወት ነው፤ ብርሃኑ ከላይ እንደ ልብ ይፈሳል። ከጄቱ፣ ከሄሊኮፕተሩ፣ ከጭነት አውሮፕላኑ መካከል ኤች ዓይነቱን ኤፍ.ቢ.ኤ. ሳገኘው እግሬ ቆመ። ፎቶግራፍ የማይነግራችሁ ነገር የጀልባውን ስስነት ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ የላይኛው ረጅም፣ የታችኛው አጭር፣ በሁለቱ መካከል የእንጨት ምሰሶና የተወጠረ ሽቦ። ገላው ግን ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሊቀመጥበት የሚችል ጠባብ የእንጨት ጀልባ ብቻ ነው። ሞተሩ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ በላይና በስተኋላ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ተሰቅሏል፤ ፕሮፔለሩ ከኋላ ሆኖ ነው የሚገፋው። ለምን እንደዚያ እንደተቀመጠ ወደ አፍንጫው ሄጄ ስቆም ገባኝ። ከተቀመጡት ሰዎች ፊት ምንም የለም። ሞተር የለም፣ ፕሮፔለር የለም፣ ክንፍ የለም። ከእነርሱ ፊት ያለው ባሕሩ ብቻ ነው።

ጎኔ የቆሙ አንድ አዛውንት ጎብኚ፣ በሕይወታቸው ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ መሆናቸውን ነግረውኝ፣ እጃቸውን ከገመዱ ሳያሳልፉ የጀልባውን የጎን መስመር በጣታቸው አየር ላይ ሣሉልኝ። «ይህን የሠራው ሰው» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ባሕር ያውቅ ነበር፤ ሰማይ የተማረው በኋላ ነው።» ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አብረን ዞርነው፤ እርሳቸው ስለ እንጨቱ፣ እኔ ስለ ደረጃዋ እያወራን።

የአንድ ቀን ቅኝት እንዲህ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ቆዳና ሱፍ ደራርበው ለብሰው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያበርራል፣ አንዱ ያያል። ፊታቸውን ነፋስ እየገረፈው፣ ጆሯቸውን ሞተሩ እየደነቆረው፣ ሰዓታት ሙሉ አንድ ዓይነት ውሃ ላይ ይመላለሳሉ። የሚፈለገው ነገር ትንሽ ነው፤ ከፔሪስኮፕ ኋላ የሚቀር ነጭ መስመር፣ ወይም ከውሃው ሥር የተጋደመ ጥላ። ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆም ማረፊያው አጠገባቸው ነው፤ ነገር ግን ያች ስስ ጀልባ ከፍ ያለ ማዕበል ላይ ብዙ አትቆይም። ስለዚህ የባሕር ቅኝት ሠራተኞች የመልእክት እርግቦች በሣጥን ይዘው ይሄዱ ነበር። የወደቁበትን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እርግቧ እግር ላይ አስረው ይለቋታል፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው በእርሷ ክንፍ ላይ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ለምን እንደተረሳ ይገባኛል። ተዋጊ አብራሪ የጣለው ይቆጠርለታል፤ አምስት ሲሞላ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የባሕር ቃኚው ውጤት ግን ያልሆነው ነገር ነው፤ ያልሰመጠው መርከብ፣ ያልተተኮሰው ቶርፔዶ። የዚያን ዘመን ሰርጓጅ መርከብ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከውሃ በላይ ነበር፤ በናፍጣ ሞተሩ የሚሮጠውም፣ ባትሪውን የሚሞላውም ላይ ሆኖ ነው። ከውሃ በታች በባትሪ ሲሄድ ቀርፋፋ ነው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በራሪ ጀልባው ቦምብ ባይጥል እንኳ፣ በሰማይ ላይ መታየቱ ብቻ ሰርጓጁን ወደ ጥልቁ ያባርረዋል፤ የሚያድነው መርከብም አምልጦት ይሄዳል። ጀርመን በፌብሩዋሪ 1917 ያገኘችውን መርከብ ሁሉ ያለ ገደብ ማስመጥ ጀመረች፤ በኤፕሪል ብቻ ከስምንት መቶ ሺህ ቶን በላይ የሚሆን መርከብ ባሕር ገባ። ከዚያ በኋላ መርከቦች በአጀብ፣ ተሰባስበው መሄድ ጀመሩ። ከአጀቡ በላይ አውሮፕላን ሲያንዣብብ የጠፉት መርከቦች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ መርከቦች በሰላም የወረዱ መርከበኞችና ወታደሮች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ ሰማይ ላይ አልፎ የሄደውን የእንጨት ጀልባ ስም አያውቁትም።

ከዚያ አዳራሽ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤልጂጎች በ1916 እንግሊዝ-ሠራሽ የባሕር አውሮፕላኖችን ፈታትተው እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ አጓጉዘው፣ ከዚያ ተነስተው ኪጎማ ላይ የነበሩትን ጀርመኖች ደብድበዋል። የአፍሪካ ሐይቆች ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበሩም።

ሁልጊዜ የምመለስበት የአድሪያቲክ ታሪክ ደግሞ አለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ፉኮ የተባለው የፈረንሳይ ሰርጓጅ መርከብ ከካታሮ ወደብ ወጣ ብሎ ከውሃ በታች እየሄደ ነበር። የዚያ ባሕር ውሃ የጠራ ነው። ሎነር የተባሉ ሁለት የኦስትሪያና ሀንጋሪ በራሪ ጀልባዎች ከላይ ሆነው የሰርጓጁን ጥላ አዩት፤ ቦምብ ጣሉበት። አውሮፕላን ሰርጓጅ መርከብን በባሕር ላይ ሲያሰምጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የሆነው ነው እኔን የሚይዘኝ። ሃያ ዘጠኙ የፉኮ ባሕርተኞች ውሃ ላይ ተበትነው ሳለ፣ ያሰመጧቸው ሁለቱ አውሮፕላኖች ወርደው አጠገባቸው አረፉ። ሰዎቹ የጀልባዎቹን ጎን ይዘው ተንጠለጠሉ፤ የሚወስዳቸው መርከብ እስኪመጣም አብረው ጠበቁ። አንድም ሰው አልሞተም። ጎማ ያለው አውሮፕላን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከሰማይ አይቶ፣ መትቶ፣ ከዚያ ወርዶ ከመታው ሰው ጋር በአንድ ውሃ ላይ መቀመጥ የሚችል በራሪ ጀልባ ብቻ ነው።

ከብራስልስ ወደ ደቡብ፣ አልፕስን አልፌ ጣሊያን ገባሁ። ሴስቶ ካሌንዴ የማጆሬ ሐይቅ አልቆ የቲቺኖ ወንዝ የሚጀምርባት ትንሽ ከተማ ናት። ውሃው አረንጓዴ፣ ዳርቻው በዛፍ የተከበበ፣ ሰው በወንዙ ዳር እያዘገመ አይስክሬም የሚበላበት ስፍራ ነው። ሲያይ የሚባለው ኩባንያ በ1915 እዚህ ተቋቁሞ በመጀመሪያ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ በፈቃድ የተወሰደው ኤፍ.ቢ.ኤ. ነው። በጣሊያን ፋብሪካዎች የተሠራው ኤች ዓይነት ብቻ 982 ይደርሳል፤ ከዋናው አገሩ ከፈረንሳይ በለጠ ማለት ነው። የዚህች ከተማ ሠራተኞች አውሮፕላን መሥራት የተማሩት የአርዣንቶይን ጀልባ እየገለበጡ ነበር።

ኩባንያው ከጦርነቱ በኋላ ከመሐንዲሱ አሌሳንድሮ ማርኬቲ ጋር ተጣምሮ ሳቮያ-ማርኬቲ በሚል ስም ታወቀ። የጣሊያን አብራሪዎች በ1933 በቡድን አትላንቲክን ተሻግረው ቺካጎ ያረፉበት ባለ ሁለት ገላ በራሪ ጀልባ የእርሱ ሥራ ነው። ኤስ 81 የተባለው ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይም የእርሱ ሥራ ነው። ኤስ 81 መጀመሪያ የተዋጋው የት እንደሆነ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ እዚህ ወንዝ ዳር ቢቀመጥ አይስክሬሙ አይወርድለትም። በ1935 እና በ1936 በአገራችን ሰማይ ላይ ነው።

በልጅነቴ ሽማግሌዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከመድፉና ከመትረየሱ ይልቅ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው አውሮፕላኑ ላይ ሲደርሱ ነበር። በ1929 አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላናችን ፖቴዝ 25 ፈረንሳይ-ሠራሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነበሩንም ከጥቂት አውሮፕላኖች አልበለጡም። በሌላው ወገን ግን መቶዎች ነበሩ፤ ቦምብም መርዝ ጋዝም ይጥሉ ነበር። ቲቺኖ ዳር ተቀምጬ ይህን አንድ ላይ ማሰብ ከበደኝ፤ የምወደው ጀልባና ሕዝቤን የደበደበው አውሮፕላን በአንድ ፋብሪካ በር ወጥተዋል። የተሠሩበት እጅ የአባትና የልጅ እጅ ሊሆን ይችላል። ፍቅሬን አልተውኩም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ በግልጽ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ የምወደው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ባሕሩን የሚያዩበትን አውሮፕላን ነው።

ሊዝበን የደረስኩት ፀሐይ ደምቃ በምትወጣበት ወቅት ነው። ቤሌም የሚባለው ሰፈር ቴዡ ወንዝ ከአትላንቲክ ጋር ሊገናኝ ሲቃረብ ያለው ዳርቻ ነው። እዚያ የጄሮኒሞስ ገዳም አለ፤ የቫስኮ ደ ጋማ መቃብር ውስጡ ነው። ልጁ ክሪስቶቫዎ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ምጽዋ የወረደ፣ በዓመቱ በእኛው ምድር አንገቱን የተቀላ መሆኑን እያሰብኩ መቃብሩ አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ገዳሙ ምዕራባዊ ክንፍ አለፍኩ፤ የባሕር ኃይል ሙዚየሙ እዚያ ነው።

ሙዚየሙ ከመርከብ ሞዴሎቹና ከካርታዎቹ በኋላ ትልቅ ድንኳን መሰል አዳራሽ ውስጥ ያስገባችኋል። በአንድ ወገን የነገሥታቱ የወርቅ ቅብ ጀልባዎች ተሰልፈዋል፤ ከሁሉም የሚልቀው በ1780 የተሠራው፣ ሰማንያ ያህል ቀዛፊ የሚፈልገው ነው። በ1957 ንግሥት ኤልሳቤጥ ፖርቱጋልን ስትጎበኝ ለመጨረሻ ጊዜ ወንዝ ወርዷል። ከእነዚህ ጀልባዎች ማዶ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ ቢ ዓይነቱ ኤፍ.ቢ.ኤ. ቆሟል። የአዳራሹን አቀማመጥ የወሰነው ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም። አውሮፕላኑን ከአውሮፕላኖች ጋር ሳይሆን ከጀልባዎች ጋር አስቀምጠውታል፤ ከዘመዶቹ ጋር።

ጎንበስ ብዬ ደረጃዋን አየኋት። ከዚያ ሞተሩን። ኖም ሞኖሱፓፕ ይባላል፤ ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው፣ ዛሬ ለሚያየው ሰው ለማመን የሚከብድ ማሽን ነው። በተለመደው ሞተር ገላው ቆሞ ውስጡ ያለው ዘንግ ይዞራል፤ በዚህኛው ዘንጉ ይቆምና ሲሊንደሮቹ በሙሉ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። የሚቀባውም በጉሎ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ አይመላለስም፣ ተጠቅሞ ወደ ውጭ ይረጨዋል። አብራሪዎቹ ከባሕሩ ጨው ጋር ይህን ሽታ ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት።

ፖርቱጋል ጦርነቱ ውስጥ የገባችው በማርች 1916 ነው። በማግስቱ ዓመት ባሕር ኃይሏ ኤፍ.ቢ.ኤዎችን ተቀብሎ የራሱን አቪዬሽን አቋቋመ፤ ጣቢያው ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስበት፣ ቤሌም ግንብ አጠገብ ያለው ቦም ሱሴሶ የተባለው የጀልባ መጠለያ ነው። ዛሬ የሽርሽር ጀልባዎች ይቆሙበታል። ሥራውን የመራው አርቱር ሳካዱራ ካብራል ፈረንሳይ ሄዶ የበረራ ትምህርት የተማረ መኮንን ነበር። ይኸው ሰው የባሕር ኃይል መኮንንና የጂኦግራፊ ሊቅ ከነበረው ከጋጎ ኩቲንዮ ጋር በ1922 ደቡብ አትላንቲክን በአየር ተሻገረ። ማርች 30 ከሊዝበን ተነስተው ጁን 17 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደርሱ ሁለት አውሮፕላን ባሕር በልቶባቸው በሦስተኛው ነው የጨረሱት። ሦስተኛዋ ሳንታ ክሩዝ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ እንግሊዝ-ሠራሽ ፌሪ ናት፣ በተንሳፋፊዎች ላይ የቆመች። ኩቲንዮ በአየር ላይ ሆኖ ቦታውን ለማወቅ ሰው ሠራሽ አድማስ ያለው ሴክስታንት ፈልስፎ ነበር፤ በውቅያኖሱ መሐል ትናንሽ ደሴቶችን በእርሱ አገኘ። ሳካዱራ ካብራል በኖቬምበር 1924 በሰሜን ባሕር ላይ ሲበር ጠፋ።

ጎብኚው ሁሉ ወደ ሳንታ ክሩዝ ይሮጣል፤ ይገባታልም። እኔ ግን ያ ትልቅ ጉዞ የተጀመረው አጠገቧ ከቆመችው ትንሿ ጀልባ ይመስለኛል። የአንድ አገር መርከበኞች መጀመሪያ በእርሷ ነው ባሕራቸውን ከላይ ያዩት።

በመጨረሻ ወደ ሰሜን፣ ወደ አቬይሮ በባቡር ሄድኩ። አቬይሮ ጨው የሚመረትባት ከተማ ናት፤ ከውቅያኖሱ የሚለያት ሰፊ የባሕር ሐይቅና ከዚያ ማዶ የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው። ቀድሞ የሐይቁን ሣር ለማዳበሪያ ይሰበስቡ የነበሩ፣ አፍንጫቸው በሥዕል ያጌጠ ጀልባዎች ዛሬ ቱሪስት ያዝናናሉ። በአሸዋው ጫፍ ላይ ያለችው መንደር ሳን ጃሲንቶ ናት፤ በማመላለሻ ጀልባ ነው የሚሻገሩት። ፈረንሳዮች በ1918 የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ ያቆሙት እዚህ ነው። ያመጧቸው ጀልባዎች ዶኔ-ደኖ ይባላሉ፤ ያ ጁቪዚ ላይ ከውሃው ጋር ይታገል የነበረው ፍራንስዋ ደኖ የሠራቸው። ሥራቸው በፖርቱጋል ዳርቻ የሚያልፉትን መርከቦች ከሰርጓጅ መጠበቅ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ጣቢያውን ለፖርቱጋል አስረክበው ሄዱ፤ ፖርቱጋሎችም የባሕር ኃይሉ አቪዬሽን በ1952 ከአየር ኃይሉ ጋር እስኪዋሃድ ድረስ ከዚህ እየተነሱ በረሩ።

የሐይቁን ዳር ይዤ ስሄድ ቦታው ለምን እንደተመረጠ በዓይኔ አየሁት። በአሸዋው ምዕራብ በኩል አትላንቲክ እየተንከባለለ ይመጣል፣ ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎችን የሚሰባብር ነው። በምሥራቁ በኩል ያለው ውሃ ግን የተኛ ነው። መነሻውና ማረፊያው በዚህ በኩል፣ ሥራው በዚያ በኩል፤ በመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ በረራ። ቤርም እንዲሁ ነው። በራሪ ጀልባ ባሕር ሲያይ ይውላል፣ የሚያድረው ግን የተከለለ ውሃ ላይ ነው። ካርታ ላይ እንዲህ ያለ ሐይቅ ባየሁ ቁጥር አሁን ጣቴ ይቆማል።

የሽሬክ ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላም ጀልባውን አልተወም። በ1923 የወጣው ኤፍ.ቢ.ኤ. 17 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አብራሪዎች የሠለጠኑበት ሆነ፤ ከሦስት መቶ በላይ ተሠርቷል። ኩባንያው ራሱ በ1930ዎቹ አጋማሽ ታሪኩ ሲዘጋ፣ አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን የሚገኝ ቫይኪንግ የተባለ ፋብሪካ ይህንኑ ጀልባ በፈቃድ ይሠራ ነበር። አምስቱን የገዛው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ነው፤ ባሕር ላይ የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልግበት ሥራ። ቀጣዩ ጉዞዬ ወደ ኒው ሄቨን ወደብ ነው።